የቬፕ ኮይልን በራስ እጅ መጠምጠም

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ቬፖች (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች) እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ እዚህ እንዳይሸጡ ስለተከለከሉ፣ ኮይሉን፣ ማለትም ፈሳሹን አግሎ የሚያተንነውን የሽቦ ጥምጥም፣ ራሴ የምጠመጥምለትን ዓይነት ገዛሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሽቦው ይጀምሩ። ለጀማሪ የሚስማማው ካንታል የሚባለው የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ በ3 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ 7 ጊዜ ቢጠመጥሙት የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም አቅሙ 1 ኦም ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር አይናቁት። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ስለሚሰጥ፣ በ1 ኦም ኮይል ውስጥ 4.2 አምፔር ሲያልፍ፣ በ0.2 ኦም ግን 21 አምፔር ያልፋል፤ ይህን ደግሞ ብዙ ባትሪዎች አይችሉትም። ስለዚህ ከማብራትዎ በፊት በኦም መለኪያ ይለኩት፤ ኤሌክትሮኒክ መከላከያ የሌለውን ዕቃ እኔ በበኩሌ ለጀማሪ አልመክርም።

ኮይሉን ዕቃው ላይ አስገብተው ብሎኖቹን ካጠበቁና የተረፈውን የሽቦ ጫፍ ከቆረጡ በኋላ፣ ፈሳሹን የሚመጠውን ጥጥ በኮይሉ ውስጥ ሳያስገቡ በዝቅተኛ ዋት ያግሉት። ሽቦው ከመሃል ወደ ዳር እኩል መቅላት አለበት፤ አንዱ ጥምዝ ቀድሞ ከቀላ፣ ያጥፉና በሴራሚክ ወረንጦ ጨመቅ ያድርጉት። ጥጡ ሲጎትቱት በመጠኑ ይያዝ እንጂ ኮይሉን አያጣምም። በፈሳሹ በደንብ ሳይርስ ቁልፉን ከተጫኑ የሚቀምሱት የተቃጠለ ጥጥ ነው፤ ጣዕሙም ቶሎ አይለቅም።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ዕቃውን እዚያው ይተዉት፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትና መሸጥ ይከለክላል።