የአንባብያን ጥያቄ፦ የጤና ፖሊሲና ሥራ አመራር ማስተርስ የት ልማር?

ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት በኃላፊነት ነው የሠራሁት። አሁን ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ የጤና ፖሊሲና ሥራ አመራር ላይ ነው። ጓደኞቼ ግን ግራ አጋቡኝ። አንዱ «ኤፒዴሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭትና መንስኤ ጥናት) ተማር፣ ኤን ጂ ኦ የሚፈልገው እሱን ነው» ይለኛል። ሌላው «ኤም ቢ ኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ) ይሻልሃል፣ ከጤና ውጪም ያሠራሃል» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ ልጅ ስላለን ደብረ ብርሃን ቢሆን ትመርጣለች። ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ የሚሰጡትን ሳይ ደግሞ የትምህርቱ ስም በየቦታው ይለያያል። የቱን ልምረጥ?

ጤና መኮንኑ፣ ከመንዝ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጽፈሃል፣ ጓደኞችህ ያሉህንም ጽፈሃል። ጤና ጣቢያህ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳህ ነገር ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፍክም። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለት ዓመት ኃላፊ ሆነህ ብዙ አይተሃል። የጤና መድን ደብተሯን ይዛ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት፣ ከተመረመረች በኋላ «መድኃኒቱ የለም፣ ውጪ ግዢ» ስትባል አይተሃል። ሪፈር የተጻፈላት ወላድ አምቡላንስ ስትጠብቅ አይተሃል። ዲዩቲ ያደሩ ነርሶች ክፍያቸው ሲዘገይ፣ በጀት እንደሌለ እያወቅህ «ይመጣል፣ ታገሡ» ስትል ከርመህ ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥርና መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር አልገጥም ሲልም ታውቀዋለህ። ከነዚህ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ብታጠናው የማይሰለችህ የቱ ነው? እሱን ወረቀት ላይ በሦስት መስመር ጻፈው። ትምህርት ክፍሉ ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ይህን አጥብቄ የምልህ እኔ ራሴ ስላላደረግሁት ነው። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስሠራ የመማር ዕድል መጣ፣ ጓደኞቼ የገቡበት ክፍል ገባሁ። መመረቂያ ጽሑፌን አማካሪዬ እጅ ላይ በነበረ ዴታ ሠራሁ፤ ርዕሱ ከመጣሁበት ወረዳ ጋር ምንም አይገናኝም። ተመርቄ ስመለስ በመጀመሪያው ሳምንት የበጀት ሰነድ ቀረበልኝ፤ የትኛው ከመንግሥት ግምጃ ቤት፣ የትኛው ተቋሙ ራሱ ከሚሰበስበው የውስጥ ገቢ እንደሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋን መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ከልጆቼ ተለይቼ ተምሬ ይህን አለማወቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተንም እንዳይቆጭህ ነው።

እስቲ አንድ ችግር ይዘን እንሞክረው፤ የጤና መድኑን። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ከፍሎ ሲታመም የሚታከምበት፣ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። የመዋጮ መሰብሰቢያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ ታውቃለህ። የመንዝ ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚገባው መቼ ነው? የመኸሩ ገብስ ተወቅቶ ሲገባ፣ ወይም በጉ ለገናና ለፋሲካ ሲሸጥ ነው። በልግ የቀረበት ዓመት ደግሞ ሌላ ነው። ታዲያ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ እያለ መዋጮ ሲጠየቅ «የለኝም» ቢል እውነቱን ነው። ተበድሮ ከፍሎ መድኃኒት ካጣ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። የሚያድሰው በሽተኛ ያለበት ቤት ብቻ እየሆነ ይሄዳል፣ መዋጮው የሚጠራቀምበት ቋት ይሳሳል፣ ጤና ጣቢያው የሚጠብቀው ክፍያ ይዘገያል፣ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፣ እንደገና መድኃኒት ይጠፋል።

አሁን ይህን ችግር ይዘህ በየትምህርት ክፍሉ ደጃፍ ቁም። ኤፒዴሚዮሎጂው «ያላደሱት እነማን ናቸው? የራቁት ናቸው ወይስ የደኸዩት? ስንት እጅ ይሆናሉ?» ብሎ ቤት ለቤት ያስጠይቅሃል። የጤና ኢኮኖሚክስ ሰው «መዋጮው ስንት ቢሆን ነው ድሃው የማይወጣው፣ ቋቱም የማይደርቀው?» ይልሃል። የጤና አገልግሎት ሥራ አመራር «መድኃኒቱ የጠፋው የት ላይ ነው? ጥያቄያችሁ ዘግይቶ ነው፣ ብሩ ዘግይቶ ነው ወይስ አቅራቢው ጋ የለም?» ብሎ መጋዘን ድረስ ይወስድሃል። የፖሊሲ ሰው ደግሞ «የመክፈያውን ወር የመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ወረዳው፣ ዞኑ ወይስ ክልሉ? መመሪያው ሲጻፍ ገበሬው ተጠይቋል?» ይልሃል። አራቱም ጥሩ ጥያቄ ነው። የትኛውን ስታነብ «ይቺን ነው የምፈልገው» እንዳልክ ግን ልብ በል። እኔ ከደብዳቤህ የገመትኩት ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ነው፤ ቢሆንም ወሳኙ አንተ ነህ።

የጓደኛህ የኤፒዴሚዮሎጂ ምክር ክፉ አይደለም፣ ትምህርቱም ትልቅ ትምህርት ነው። ምክንያቱ ነው ያልተዋጠልኝ። ኤን ጂ ኦ ዛሬ የሚፈልገውን ስትመረቅ ላይፈልገው ይችላል። በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ስንቱ የጤና ፕሮጀክት በአንድ ሰሞን እንደተዘጋና ስንቱ ባለሙያ ቤቱ እንደገባ አይተናል። ወረዳው፣ ዞኑ፣ ሆስፒታሉ ግን ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ የሚመራቸው ሰው እንደቸገራቸው ነው።

ስለ ኤም ቢ ኤ ትንሽ ልቆይ። ሒሳብ፣ የሰው ኃይል፣ ግዢ ያስተምርሃል፤ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ግን ጤና ጣቢያህን አስበው። ዋና ዋና ሥራው ምንድን ነው? ክትባት፣ ወሊድ፣ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ። እነዚህ ሁሉ በፖሊሲ በነፃ የሚሰጡ ናቸው። በደንብ በሠራሃቸው ቁጥር ገቢህ አይጨምርም፣ እንዲያውም ጓንትህና መርፌህ ያልቃል። ንግድን ለመምራት የተዘጋጀ ትምህርት ይህን እንዴት እንደምትሸከመው አይነግርህም። በ1990 ዓ.ም የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ለምን ተቋማት ገቢያቸውን ይዘው ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት እንዳሰበ፣ ለምን መክፈል ለማይችለው የነፃ ሕክምና እንደታሰበለት፣ ይህን ከሥሩ የምታገኘው ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ኤም ቢ ኤ ከጤና ልውጣ ላለ ሰው ጥሩ ነው። አንተ ልውጣ አላልክም።

የስሙ ነገር እንዳያስደነግጥህ። ጅማ ላይ የትምህርት ክፍሉ ስም የጤና ፖሊሲና ሥራ አመራር ነው፣ በቀጥታ አንተ የጠየቅከው። ባሕር ዳር የጤና ሥርዓት አመራርና የጤና ኢኮኖሚክስ ይለዋል። ጎንደር የጤና ሥርዓትና ፖሊሲ ይላል፤ ጎንደር ደግሞ በ1947 ዓ.ም የጤና መኮንን ማሠልጠን የተጀመረበት ቤት ስለሆነ ላንተ ሙያ እናት ቤቱ ነው። አዲስ አበባም በሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቱ ሥር አለው። ሐሳብህ ሆስፒታል መምራት ከሆነ ደግሞ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ። በ2000 ዓ.ም ገደማ በየል ዩኒቨርሲቲና በክሊንተን ፋውንዴሽን ድጋፍ ጅማ ላይ የተጀመረው የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችን ለማብቃት ነበር። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ልሥራ የምትል ከሆነ እሱን በደንብ እየው። ወረዳና ዞን ላይ ልሥራ ካልክ ግን ሰፋ ያለው የጤና ሥርዓት ትምህርት ይሻልሃል።

ስሙን ትተህ የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቅ። ሬጅስትራር ወይም ትምህርት ክፍሉ ይሰጥሃል። የጤና ፋይናንስ ራሱን ችሎ ይሰጣል ወይስ ከሌላ ኮርስ ጋር በሁለት ሳምንት ይታለፋል? የመድኃኒት አቅርቦት አለ? ተማሪውን ለተግባር ልምምድ የት ይልኩታል፣ ዞን ጤና መምሪያ ነው፣ ሆስፒታል ነው ወይስ የትም አይልኩትም? ዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጤና ሥርዓትን በስድስት ምሰሶ ከፍሎ ነበር፦ አገልግሎት፣ የሰው ኃይል፣ መረጃ፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ አመራር። ዝርዝሩን ከነዚህ ስድስቱ ጋር አስተያየው። ሁለቱ ሦስቱ ከጎደሉ ያ ትምህርት ለኃላፊ ሳይሆን ለሌላ ሰው የታሰበ ነው።

ከዚያ የቀድሞ ተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ አንብብ። የአዲስ አበባም የጅማም በኢንተርኔት ይገኛል፣ በነፃ። አምስት ስድስቱን አውርድና ርዕሱን፣ የአማካሪዎቹን ስም፣ የተሠራበትን ቦታ ተመልከት። አንተ ወረቀት ላይ ከጻፍከው ችግር ጋር የሚቀራረብ የሠራ አማካሪ ካገኘህ፣ ያ ሰው ያለበት ቤት ከትልቅ ስም ይበልጥብሃል። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተመረቀ ሰውም ፈልግና ደውልለት፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አታጣም። «አስተማሪዎቹ ክፍል ይገባሉ? ቴሲስ ስንት ወር ፈጀብህ?» በለው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻቸውን ብዙ ያሳዩሃል።

የባለቤትህን ነገር ደግሞ እንደ ትርፍ ነገር አትየው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ ሌላ 350 ገደማ። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ልጅ ቢታመም ቶሎ መድረስ አትችልም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ይሰጣል፤ ሄደህ አንተ የምትፈልገው ዘርፍ ዘንድሮ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቅ። ከተቀበለና የኮርስ ዝርዝሩ ካጠገበህ፣ ቤተሰብህ አጠገብ ሆነህ መማርህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሩቅ ከሄድክም አብዛኛው ቦታ ኮርሱ የሚያልቀው በመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ፣ ለጥናትህ መረጃ የምትሰበስበውን በገዛ ዞንህ አድርገውና ሁለተኛውን ዓመት ወደ ቤትህ ተጠጋ። ይህን ለባለቤትህ አሁኑኑ ንገራት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን የምትቀር መስሏት እንዳትጨነቅ።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። አንደኛ፣ የትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ማመልከቻ እስኪወጣ ሳትጠብቅ እንግሊዝኛና ሒሳብህን አሁን ጀምር። ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤትህ ስፖንሰር ካደረገህ ውሉን ሳታነብ አትፈርም። ስንት ዓመት እንደምታገለግልና ስትመለስ ምን መደብ ላይ እንደምትቀመጥ በጽሑፍ ይሁን። ተምሮ መጥቶ መደብ ያጣ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ቃለ መጠይቅ ካለም አትሸማቀቅ። አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የተመደበው። ያን ያህል ሰው ጤና ሁለት ዓመት በኃላፊነት ይዘሃል፤ ይህን ተናገር።

ጥያቄ

ሸዋ ሮቢት የምሠራ ነርስ ነኝ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በቅዳሜና እሑድ የጤና አስተዳደር ማስተርስ እንሰጣለን ብሎኛል። ልክፈል?

መልስ

እህቴ፣ እውቅናውን ሳታረጋግጪ አንድ ብር አትክፈዪ። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ኮሌጁ በሌላ ዘርፍ ወይም በሌላ ከተማ እውቅና ስላለው አንቺ የምትማሪበትም አለው ማለት አይደለም። ደብዳቤውን አሳዩኝ በያቸው፣ የሚያበቃበትን ቀን እዪ፣ ከዚያ ራስሽ ባለሥልጣኑ ጋ ጠይቂ። መሥሪያ ቤትሽ ያንን ማስረጃ ለደረጃ ዕድገት ይቀበል እንደሆነም ከመመዝገብሽ በፊት ከሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ አግኚ።

ሌላው ድካሙ ነው። ዓርብ ሌሊት ዲዩቲ አድረሽ ቅዳሜ ማለዳ ጣርማ በርን ወጥተሽ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሆን ከባድ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ተረኛ የማትሆኚባቸውን ቀናት ከኃላፊሽ ጋር ተነጋገሪ። ፈቃዱ የተሟላ ከሆነና ፕሮግራምሽን ካስተካከሉልሽ ግን በርቺ፣ ተማሪ።

ጥያቄ

ልጄ በአካውንቲንግ ተመርቆ ደብረ ሲና ሆስፒታል ፋይናንስ ክፍል ይሠራል። የጤና ማስተርስ መማር ይችላል?

መልስ

አባቴ፣ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ በአብዛኛው የጤና ዲግሪ ይጠይቃል። የጤና ኢኮኖሚክስና የሆስፒታል አስተዳደር ላይ ግን እንደየዩኒቨርሲቲው ከሌላ ሙያ የመጣም የሚቀበሉ ስላሉ፣ የመግቢያ መስፈርቱን ከየሬጅስትራሩ ይጠይቅ። ሆስፒታል ውስጥ የሠራበት ልምድ ይጠቅመዋል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ከአሁኑ ያውጣ።