ሴራሚኩን ተዪውና ቆርቆሮሽን አሳዪ

እህቴ፣ አዳማ ያለውን ቤታችሁን ልትሸጡ አስባችሁ፣ ሴራሚክ ቀይረን ሙሉ ቀለም እንቀባው ወይስ እንዳለ እናሳየው ብለሽ ጠይቀሻል። እኛም እዚያው አዳማ ቤት ሸጠናል። ስምንት ወር ፈጀብን፤ ግማሹ በራሳችን ጥፋት ነው።

የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ዝናብ የሳለው ቡኒ ክብ ነበር። ቀለም ቀቢው "ይሄማ በቀለም ይጠፋል" አለን፤ አስቀባነው። የመጀመሪያው ገዢ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየና "እዚህ ጋ ብቻ ለምን ነጣ?" አለ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሰውየው ከዚያ በኋላ ያየውን ሁሉ ጠረጠረ፤ ካርታውን ሳይቀር። በኋላ አናጺ ወጥቶ ሲያይ ለካ የሁለት ሚስማር ጎማ በፀሐይ ደርቆ ኖሯል። ከቀለሙ ባነሰ ዋጋ ተሠራ። ለቀጣዩ ገዢ ሳይጠይቀኝ "እዚህ ጋ ያፈስ ነበር፣ እንዲህ አሠራነው" አልኩት። "እሺ" ብሎ አለፈ።

ስለዚህ እጅ የሚነካውን አስቀድሚ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሚጮህ በር፣ የላላ ማብሪያ ማጥፊያ። ገዢ ሲገባ መጋረጃሽን አያደንቅም፤ ቧንቧ ይከፍታል። ሮቶው ባዶ ከሆነ አለቀልሽ። ዕቃም ቀንሺ፤ የሞላ ሳሎን ጠባብ ይመስላል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። የአዲስ አበባ ገዢዎች ቅዳሜ ተነስተው በፍጥነት መንገዱ ሲመጡ ልክ ቆርቆሮው ምጣድ በሚሆንበት ሰዓት ይደርሳሉ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት እቀጥር ነበር። ማጭበርበር አይደለም ወይ ካልሽ፣ የምሩን የሚገዛ ሰው ከሰዓት ተመልሶ ያየዋል። የፊትና የኋላ መስኮት ክፈቺ፤ ነፋስ እንደሆነ አዳማ አይቸግርም፣ ተርባይኖቹን ኮረብታው ላይ የተከሉት በከንቱ አይደለም። አቧራውን ይዞ እንዳይገባ ግን ቀድመሽ ግቢው ላይ ውሃ አርከፍክፊ።

ዕጣን አታብዢ። አንዲት ገዢ ገና ከበር "ምን ሸቶ ነው ይሄ ሁሉ ዕጣን?" ብለውኛል። ቡና አፍልቼ መቀበሌ ነበር።

የውሃ ፈረቃ ካለ ቀኑን ንገሪ። ጎርፍም እንደዚያው። ከተማዋ በኮረብታ መሃል ስለተቀመጠች ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ የማይጠይቅ የለም። አንቺ ብትደብቂ ሱቁ ይናገራል። የእኛ ገዢ ለስላሳ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ ሲመለስ ከእኔ የበለጠ ሰፈሩን ያውቅ ነበር።

ወረቀቱን በአንድ ፋይል አዘጋጂ፦ ካርታ፣ የዘመኑ የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የጋብቻ ማስረጃ። የጋራ ንብረት ከሆነ የባልሽም ፊርማ ያስፈልጋል። እሱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናውን ካሁኑ ጀምሩ። ካርታው ላይ ያለው ስም መታወቂያሽ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ገዢ ሳይመጣ አስተካክዪ። ሰርቪሱ ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነም አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ የባንኩ ገማች መምጣቱ አይቀርም።

ቀብድ ላይ ደግሞ አትቸኩዪ። ደላላው "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" እያለ ያጣድፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር እጥፉን ነው የሚመልሰው። የተሻለ ዋጋ በማግሥቱ ሲመጣ ያኔ ታስታውሺኛለሽ።

ሴራሚኩን ግን ተዪው። እኛ ለሳሎኑ አዲስ አስነጥፈን ነበር፤ ባለቤቴ ቀለሙን ለመምረጥ ሁለት ቀን ዞራለች። የገዛን ሰውዬ በገባ በወሩ አስነቅሎ የራሱን አስነጠፈ።