ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ሻንጣ

ጥያቄ፦

«ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። 8ኛ ክፍል የምትማር የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከክፍሏ ከ3ኛ ወርዳ አታውቅም። አባቷ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ካልገባች ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። አምና የእህቴ ልጅ ፈተናውን አልፎ ገባ፤ ነገሩን ያባባሰው ያ ነው። ማታ እስከ 5 ሰዓት ታጠናለች፤ ሌሊት 10 ሰዓት ይቀሰቅሳታል። አስጠኚ ቀጥረንላታል። ቴሌቪዥኑን ነቅሎ ጎረቤት አስቀምጦታል። ያበረታታታል ብሎም ትልቅ ሻንጣ ገዛላት፤ እሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም። አያቷ ቡና በተፈላ ቁጥር ዱዓ ያስደርጉላታል። እሷ ግን ሆዴን ትላለች። ጤና ጣቢያ ወስጃት ሰገራም ደምም ታየ፤ ምንም የለባትም ተባለ። ባለፈው ቅዳሜ አስጠኚዋ የሙከራ ፈተና ሲሰጣት አስመለሳት። የምታውቀውን እንኳ ሳትሠራ ቀረች። አባቷ ‹ስንፍና ነው፤ አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት› ይለኛል። እኔ ደግሞ ይቅርባት እላለሁ። በዚህ ተኳርፈን መነጋገር ካቆምን ሁለት ሳምንት ሆነን። ላስቀራት ወይስ ልግፋባት? አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ እኔና ልጆቹ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተን ነበር። አባቷ ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ከወር በላይ ድምፁን አልሰማንም። አሁን ግን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ሁለት ነገር በቴሌግራም ጠይቄዎት ነበር። አንዱ የልጅቷን የሒሳብ ደብተር ፎቶ፣ ሌላው ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ። ሁለቱንም ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከደብዳቤው ይልቅ ብዙ የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

በጊዜው ልጀምር። ሆዷን ማመም ሲጀምራት አስጠኚው ገና አልተቀጠረም። የሙከራ ፈተናም አልነበረም። የጀመራት ሻንጣው የተገዛ ሰሞን ነው። «ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አስቀምጦላታል» ብለው ጽፈውልኛል። እስኪ አንድ ማታ አልጋዋ ላይ ጋደም ብለው ይዩት። መብራት ሲጠፋ መጨረሻ የምታየው እሱን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ስትቀሰቀስም መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ለአባቷ ያ ሻንጣ ተስፋ ነው። ገና ሳትፈተን ገዝቶ ማስቀመጡ «አምንሻለሁ» ማለቱ ነው፤ ይገባኛል። ለልጅቷ ግን ጓዝ ሌላ ነገር ያስታውሳታል። በ10 ዓመቷ ጓዝ ታስሮ ከቤቷ ወጣች። አባቷ ኋላ ቀረ። ይኑር ይሙት ሳታውቅ ከአንድ ወር በላይ ቆየች። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በቃል አያወራውም፤ ሆዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። እርስዎ ይህን ታሪክ «አንድ ነገር ልጨምር» ብለው ደብዳቤው ማለቂያ ላይ አነሱት። እኔ ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

በሩቅ ሆኜ «ይሄ ነው» ብዬ አልምልም። ግን እንዲህ ቢሆንስ ብለው ያስቡ፦ ልጅቷ መውደቅን ብቻ ሳይሆን ማለፍንም ትፈራ ይሆናል። ከወደቀች አባቷ ያዝናል። ካለፈች ደግሞ ከአባቷ ትለያለች። በየትም በኩል ብትወጣ የምታጣው እሱን ነው። ወረቀቱ ፊት ስትቀመጥ የሚያስመልሳት ይህ ከሆነ፣ ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ጥናት ምንም አያደርግላትም። አስመስላ ነው እያልኩ እንዳልሆነም ይወቁልኝ። ጭንቀት የሚያመጣው የሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ በላቦራቶሪ አለመታየቱ ውሸት አያደርገውም።

ደብዳቤዎ ውስጥ አባቷ ምን እንዳለ፣ እርስዎ ምን እንዳሉ፣ አያቷ ምን እንዳደረጉ፣ የእህትዎ ልጅ የት እንደገባ አነበብኩ። ልጅቷ ምን እንዳለች ፈለግኩ፤ «ሆዴን» ከማለቷ በቀር የለም። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይጠይቋት። ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሻል?» ካሏት መልሱ «ምንም» ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ሁሉ መልስ ይኸው ነው። ሽንኩርት አብራችሁ እየከተፋችሁ፣ ወይ ገበያ ስትሄዱ በመንገድ ላይ ይሁን። «አዳሪ ቤት ስለመሄድ ስታስቢ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ምንድን ነው?» ይበሏትና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝማል። እርስዎ እንዳይሞሉት። ምናልባት እኔ ከላይ የገመትኩት ሁሉ ስህተት ይሆንና «እዚያ ሁሉም ጎበዝ ነው አሉ፤ መጨረሻ ብወጣስ» ትልዎት ይሆናል። እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ፈተናውን አያስቀሯት። የሚፈሩትን ነገር መሸሽ ለዛሬ እፎይ ያሰኛል፤ ፍርሃቱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ወፍሮ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ከባለቤትዎ ጋር ነኝ። አይግፉባትም ግን፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እኔ የምለው ሁለቱን ነገር ለያዩት ነው። መፈተን አንድ ጉዳይ ነው፤ መሄድ ሌላ። «ተፈተኚ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ መሄድ አለመሄዱን አንቺም ባለሽበት ሦስታችን እንወስናለን» በሏት። ይህን መስማት ያለባት ከአባቷ አፍ ነው። ከእርስዎ ብቻ ከሰማችው አታምነውም።

ባለቤትዎን ክፉ ሰው አድርጌ እንዳላየሁት ይንገሩልኝ። ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ መሆናቸውን ሰምቶ ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ልጆቻቸውን በሙሉ ሲያሳልፉ ያየ አባት፣ ያቺ በር ካመለጠችኝ አለቀልኝ ቢል አይፈረድበትም። (በነገራችን ላይ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ የሚያሳልፉት ጥሩ ስለሚያስተምሩ ብቻ አይደለም። መጀመሪያውኑ ጎበዙን መርጠው ነው የሚያስገቡት። ጎበዝ ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰም የሚረዳው ካገኘ ያልፋል። የኛ አገር ሰው የደሴውን ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ያውቃል፤ ስንት ሰው ከዚያ ወጥቷል።)

እና «ካልገባሽስ?» የሚለው በግልጽ ይነገራት። «አይዞሽ ታልፊያለሽ» ማጽናኛ ይመስላል እንጂ ሸክም ነው። ይልቅ «ካልገባሽ 9ኛን እዚሁ ትማሪያለሽ፤ አስጠኚው ይቀጥላል፤ ቴሌቪዥኑም ይመለሳል» የሚል ቁርጥ ያለ ነገር ይሻላል። ደሴ ላይ አንድ ወንድ ልጅ ያየሁትን ልንገርዎ። «ብትወድቅ አባትህ ምን የሚልህ ይመስልሃል?» አልኩት። «ምንም አይለኝም» አለኝ። ጥሩ ነዋ ስለው፣ «ምንም አለማለቱን ነው የምፈራው» አለኝ። በእናንተ ቤት አሁን ሁለት ሳምንት ዝምታ አለ። ልጅቷ በማን ምክንያት እንደመጣ ታውቃለች። ከባለቤትዎ ጋር ባትስማሙም፣ ቢያንስ እሷ እየሰማች ስለ ሌላ ነገር አውሩ፤ ስለ ጤፍ ዋጋም ቢሆን።

የእህትዎን ልጅ ደግሞ ከመለኪያነት አውጡት። ለእረፍት ሲመጣ ጋብዙትና ሁለቱን ብቻቸውን ተዉአቸው። ምግቡ እንዴት ነው፣ ልብስ ማን ያጥባል፣ ቤተሰብ መቼ ይደወላል፣ መጀመሪያው ሳምንት አልቅሶ ያውቃል ወይ? ይህን ለእናንተ አይነግራችሁም፤ ለሷ ግን ይነግራታል።

የአያቷ ዱዓ ይቀጥል፤ ወሎ ላይ ቡና ያለ ዱዓ ምን ቡና ነው። ግን ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት «ፈተናውን አሳልፍልን» ሲባል ልጅቷ የምትሰማው ሰፈሩ በሙሉ ውጤቷን እንደሚጠብቅ ነው። አያቷን በቀስታ ይንገሯቸው፦ «እማዬ፣ ዕድሜና ጤና ስጣት ብቻ በሉልኝ።» አሚኑ ያው ነው፤ ጫናው ግን ይቀንሳል።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። አንድ ገጽ ላይ 2/3 ሲደመር 1/4 ብላ 3/7 አውጥታለች። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ማለት ነው። ከግማሽ በላይ ዳቦ ይዛ ሩብ ጨመረችበት፤ መጨረሻ ላይ ከግማሽ ያነሰ ዳቦ አገኘች! ትክክለኛው 11/12 ነው። አስጠኚው በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ ወደ አልጀብራ አልፏል። እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ቆየሁ። ልጅቷ 2ኛ ክፍል ሳለች በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ። 4ኛ ክፍል ሳለች በ2014 ጦርነት መጣ። ክፍልፋይ ሥር የሚይዘው በነዚያ ዓመታት ነው። ስንፍና የተባለው ነገር ያመለጠ ዓመት ነው።

«ታዲያ እንዴት 3ኛ ትወጣለች?» ይሉኝ ይሆናል። ደረጃ የሚለካው ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ነው። እነሱም ያንኑ ዓመት አጥተዋል። የአዳሪ ቤቱ ፈተና ላይ ግን ከሌላ ቦታ የመጡ ልጆች አሉ። ስለዚህ አስጠኚው ወደ ፊት መሮጡን ትቶ ሁለት ሦስት ሳምንት የ4ኛና የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ይመለስ። ባለቤትዎ «8ኛ ክፍል ያለች ልጅ የ4ኛን ታጠናለች?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ይህን ደብዳቤ ያሳዩት።

ስለ አጠናኑም ትንሽ ልበል። ማስታወሻውን አምስት ጊዜ መደጋገሙ የሚያውቁት ያስመስላል፤ ያታልላል። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ዘጋና ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት ጥለዋቸው ሄዱ። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደረሳው ኪታቡን አጥፎ ሼሁ ፊት ያሰማል፤ የቆሎ ተማሪውም የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ በቃሉ ይለዋል። ልጅቷም እንዲሁ ታድርግ፦ ታንብብ፣ ትዝጋ፣ ለታናሽ ወንድሟም ቢሆን ታስረዳ። ነገ ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ ደግማ ትሞክረው።

እንቅልፏ ደግሞ አሳስቦኛል። ከማታ 5 እስከ ሌሊት 10፣ አምስት ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባት። ቀን ያጠናችውን አእምሮ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው፤ አባቷ ሌሊት ሲቀሰቅሳት ማታ ያስጠናትን እያፈሰሰ ነው። ማታ 3 ሰዓት ትተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ለፈተናው ቀን አንድ ነገር፦ ከመግባቷ በፊት 10 ደቂቃ ወረቀት ላይ የሚያስጨንቃትን ሁሉ ትጻፍ። ማንም አያነበውም፤ ቀዳድዳ ትጣለው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ፈተና የሚያስጨንቃቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን አድርገው ውጤታቸው ተሻሽሏል። በሚቀጥለው የሙከራ ፈተና ይሞክሩት።

ሌሊት እየቃዠች የምትነሳ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትደነግጥ፣ ምግብ የምትተው ከሆነ ፈተናውን ሳይጠብቁ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷት። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ያን ቀኑኑ ነው፤ ነገ አይባልም።

የቀረው የባለቤትዎ ነው። ያን ወር ብቻውን እዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈ ለልጁ ነግሯት ያውቃል? ምን ይበላ ነበር፣ ማታ የት ይተኛ ነበር፣ እነሱን መቼ አገኛለሁ ብሎ ያስብ ነበር? አይመስለኝም፤ ወንድ ልጅ ይህን አያወራም። ሻንጣውን እሱ ራሱ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያውርደው፣ አጠገቧ ቁጭ ይበልና ይንገራት።