የቬፕ ኮይል በእጄ እጠመጥማለሁ፤ ጣቶቼ ያሳክኩኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ሲጋራ ትቼ ወደ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን አሁን ግን ከማጨሱ ይልቅ ኮይል፣ ማለትም ጁሱን (ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ) የሚያሞቀውን የሽቦ ጥቅል፣ መሥራቱ ነው ደስ የሚለኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ በድሪል ክላፕተን (በወፍራም ሽቦ ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል) እጠመጥማለሁ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ናይክሮም 80 ነው። በየሦስት በአራት ቀኑ አዲስ ሠርቼ እቀይራለሁ። ከጨረስኩ በኋላ ቀይ እስኪሆን አሞቀውና በወረንጦ ጨመቅ እያደረግኩ አስተካክለዋለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ጫፍ ያሳክከኛል፣ ይሰነጣጠቃል። አፌም ብረት ብረት ይለኛል። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ አለችን፤ ባለቤቴ በጣም ትጨነቃለች። ችግሩ ከሽቦው ይሆን? ሽቦ ብቀይር ይሻለኛል? ለገና ደግሞ ሀገር ቤት ልሄድ ነው። ሲጋራ ለሚያጨሰው ወንድሜ አንድ ሜክ ሞድ (ባትሪው በቀጥታ ከኮይሉ ጋር የሚገናኝበት ቬፕ) ይዤለት ብሄድስ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲጋራውን በማቆምዎ ከልብ ደስ ብሎኛል። ከዚህ በታች የምለው ሊያስደነግጥዎ ይችላል። ቢሆንም ወደ ሲጋራ እንዳይመለሱ አደራ እላለሁ።

ከጣቶችዎ ልጀምር። ሳላይዎት እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ነገሩ ግን የኒኬል አለርጂ ይመስላል። ናይክሮም 80 ከመቶ 80 እጁ ኒኬል ነው፤ ቀሪው ክሮሚየም ነው። ኒኬል ቆዳን በማስቆጣት የታወቀ ብረት ነው። ርካሽ የጆሮ ጌጥ ስታደርግ ጆሮዋ የሚቆስል ሰው ሳያውቁ አይቀሩም፤ የብዙዎቹ ምክንያት ይኸው ነው። እርስዎ ደግሞ ማታ ማታ ሽቦውን በሁለት ጣት ይዘው ይጎትታሉ። ላብ ኒኬሉን ያሟሟዋል። የሚያሳክክዎትም እነዚያው ሁለት ጣቶች ናቸው። እስቲ አንድ ነገር ይዩልኝ፤ የጂንስ ቁልፍዎ ወይም የቀበቶዎ ዘለበት ሆድዎን የሚነካበት ቦታስ ያሳክክዎታል? አዎ ካሉ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። የቆዳ ሐኪም ጀርባዎ ላይ ትንንሽ ፕላስተሮች ለጥፎ ከ48 ሰዓት በኋላ በማንሳት ሊያረጋግጥልዎ ይችላል። እስከዚያው ሽቦ ሲነኩ ናይትራይል ጓንት ያድርጉ። ጁሱም የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላል፤ ኒኮቲኑም በቆዳ በኩል ይገባልና ጁስ ሲሞሉም ጓንቱን አያውልቁ።

ሽቦ መቀየሩ ለቆዳዎ ሊጠቅም ይችላል። ካንታል የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ኒኬል የለበትም። 316ኤል የሚባለው ስቴንለስ ስቲል ግን ከመቶ ከ10 እስከ 14 እጅ ኒኬል አለበት። ስለዚህ አለርጂው ከተረጋገጠ እሱን አልመርጥልዎትም።

ለሳንባዎ ግን ሽቦ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ይህን በደንብ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ናይክሮም እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት የወጣበት የማሞቂያ ሽቦ ነው። ስዊድን የተፈጠረው ካንታልም ለምድጃና ለማሞቂያ የታሰበ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር የሚግለውም የዚሁ ዓይነት ሽቦ ነው፤ ልዩነቱ ከምጣዱ ሽቦ ላይ የሚነሳውን ማንም ወደ ሳንባው አይስብም። እርስዎ ጋ ያለው ሽቦ ጁስ ውስጥ ተነክሮ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይግላል። የሚለቀው ብረት ከእንፋሎቱ ጋር ይገባል።

ይህ ግምት አይደለም። ባልቲሞር፣ እርስዎ ካሉበት ብዙም ሳይርቅ፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የ56 ሰዎችን መሣሪያ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥተዋል። በጠርሙሱ ጁስ ውስጥ የነበረው ብረት ትንሽ ነበር። ኮይሉን ነክቶ በወጣው እንፋሎት ውስጥ ግን ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝና እርሳስ በብዛት ተገኘ። እርስዎን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፤ ኮይላቸውን ቶሎ ቶሎ በሚቀይሩ ሰዎች መሣሪያ ላይ የብረቱ መጠን ከፍ ይል ነበር። አዲስ ኮይል በቀላሉ የሚለቅ ይመስላል። በየሦስት ቀኑ መቀየር ንጽህና መስሎዎት ይሆናል፤ እኔን ግን ያሳስበኛል። በትንፋሽ የሚገቡ የኒኬል ውህዶችና አንድ የክሮሚየም ዓይነት የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቀ ነው።

ባዶውን ኮይል ቀይ እስኪሆን ማጋሉን በተመለከተ፣ እሱ ላይ ጎንበስ ብለው አይተንፍሱ። ልጅዎ ባለችበት ቤት ውስጥም አያድርጉት። ኮይሉ ውስጥ ያለው፣ ጁሱን የሚመጥጠው ጥጥ ደርቆ አፍዎን ያቃጠለዎት ጊዜ ካለ ደግሞ፣ ያኔ የሳቡት ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የመሳሰሉ ጉሮሮና ሳንባ የሚልጡ ነገሮችን ነው።

አፍዎን ብረት ብረት የሚልዎት ከድድ፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪምዎ ይየው። ስለ ቬፑ በግልጽ ይንገሩት፤ ብዙ ሰው ይደብቃል። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ከሳል ጋር ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ሜክ ሞዱ ልመለስ። ውስጡ የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት የለም፤ ባትሪውን ከአደጋ የሚጠብቀው የእርስዎ ስሌት ብቻ ነው። 18650 የሚባለው የቬፕ ባትሪ ሙሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ኮይልዎ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን 0.12 ኦም ከሆነ 35 አምፔር ይጎትታል። ጥሩ የሚባሉት ባትሪዎች እንኳ ብዙዎቹ ያለማቋረጥ የሚችሉት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። ክላፕተን ሲወፍር ኦሙ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎሪዳ፣ በ2019 ቴክሳስ ውስጥ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። መሣሪያው ፊት አጠገብ፣ አንገት አጠገብ ነው የሚፈነዳው። እባክዎ ሜክ ሞዱን ይተዉት። ባትሪም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይክተቱ።

ልጅዎ ነገር ሁሉ ወደ አፏ የምትከትበት ዕድሜ ላይ ናት። የጁስ ጠርሙሱን ቆልፈው ያስቀምጡ። ጥቂት ኒኮቲን የሕፃን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ከዋጠች ወይም ቆዳዋ ላይ ከፈሰሰ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ 1-800-222-1222 ይደውሉ፤ መመረዝን በተመለከተ ቀን ከሌት የሚመልሱ ባለሙያዎች ናቸው። ራሷን ከሳተች ወይም መተንፈስ ካቃታት 911 ይደውሉ። የሽቦ ቁርጥራጩንም ከምንጣፉ ላይ ይልቀሙ።

አሁን የማስበውን በግልጽ ልንገርዎ። ለሲጋራ መተኪያ የገባ ነገር ቀስ በቀስ የሚቀር መሆን ነበረበት። እርስዎ ጋ ግን ሥራው ራሱ አስሮ ይዞዎታል። አዲስ ኮይል ሲሠሩ መሞከር አለብዎት፤ ሲሞክሩ ደግሞ ኒኮቲኑ ይገባል። እጅዎ ጥሩ ሙያ አለው፤ እሱን አይጣሉት። በመዳብ ወይም በብር ሽቦ ጌጥ መሥራትም ይህንኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። የጁሱን ኒኮቲን ደረጃ በደረጃ ያውርዱ፤ ስለ ኒኮቲን ፕላስተር ወይም ቫሬኒክሊን ስለሚባለው ማጨስ ማቆሚያ መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ። 1-800-784-8669 ላይ ለማቆም በነጻ የሚያግዙ ሰዎች አሉ።

ለወንድምዎ ግን አይውሰዱለት። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። በእጅ የተሠራ ሜክ ሞድ ስሌቱን ለማያውቅ ሰው መስጠትም አደጋ ነው። ወንድምዎ ማቆም ከፈለገ የኒኮቲን ፕላስተር ያለ ሐኪም ማዘዣ እዚያው ሜሪላንድ ይገኛል፤ የልብ ሕመም ካለበት ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።