ስለ ሆሎ ኩቴክስ ጠይቁኝ፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥፍር እሠራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ትንንሽ አምራቾች በራሳቸው እየቀመሙ የሚሸጧቸውን የሚያብረቀርቁ ኩቴክሶች እሰበስባለሁ፤ እየቀባሁም ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ እላለሁ። ሰሞኑን “ጠይቁኝ” ብዬ ስለነበር የመጡልኝን ከነመልሳቸው እነሆ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከደብረ ሲና፦ እህቴ፣ ሆሎ የሚሉት ከተራው ብልጭልጭ በምን ይለያል? ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው።

ያው አይደሉም። ተራው ብልጭልጭ ቀለም የተቀባ ደቃቅ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት የራሱን ቀለም ይመልሳል፤ ወርቃማው ወርቃማ፣ ቀዩ ቀይ። ሆሎው (ሙሉ ስሙ ሆሎግራፊክ) ግን ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ትይዩ ቦዮች ታትመውበታል፤ እነሱ ናቸው ነጩን ብርሃን ከቀይ እስከ ሐምራዊ የሚበትኑት። የሲዲን ጀርባ ፀሐይ ላይ አዙረሽ አይተሽ ከሆነ፣ አሠራሩ እሱው ነው።

ይህን ቅርፊት ከያዙት ዱቄቶች ስሙ የገነነው ስፔክትራፍሌር ነው። አሉሚኒየሙ በመሃል ሆኖ ከላይና ከታች በማግኒዥየም ፍሎራይድ የተለበጠ ሲሆን፣ የቅርፊቱ ስፋት ከ14 እስከ 35 ማይክሮን ነው። ደቃቁ ቅንጣት ጥፍር ላይ አንድ ወጥ የቀስተ ደመና መስመር ይዘረጋል፤ እጅሽን ስታዘነብዪው መስመሩም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሊኒየር ይሉታል። ቅንጣቱ ተለቅ ካለ ደግሞ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ በየቦታው ይፈነጥቃል፤ እሱ ስካተርድ ነው። ዱቄቱ ውድ ስለሆነ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቆጥበው ይነሰንሱታል። ትንሹ አምራች ግን የሚወዳደርበት ሌላ ነገር ስለሌለው አብዝቶ ይጨምራል። የትንንሾቹ ነገር የሚጥመኝም ለዚህ ነው።

ከጣርማ በር፦ ፎቶው ላይ ቀስተ ደመና የነበረው እጄ ላይ ግራጫ ሆነብኝ። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበርሽም ይሆናል። የቀባሽው መቼ ነው? ጣርማ በር ጉም በወረደበት ቀን ከሆነ የዓለም ምርጡ ሆሎም ግራጫ ነው። ሆሎ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ቀጥተኛ ብርሃን ይፈልጋል፦ ፀሐይ፣ የስልክ ፍላሽ፣ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል። ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል። ከየአቅጣጫው የተበተኑት ቀለማት እርስ በርስ ይደራረቡና ተመልሰው ነጭ ይሆናሉ፤ የሚተርፍልሽ የአሉሚኒየሙ ግራጫ ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ ማንኛውንም ሆሎ የምመዝነው መጀመሪያ በጥላ ነው። ፀሐይ ላይ የማያምር ሆሎ እምብዛም የለም፤ ሁሉም ያምራል። እኛ ግን ቀኑን የምናሳልፈው ቤት፣ ቢሮ፣ ክፍል ውስጥ ነው። ጥላ ውስጥ የራሱ መልክ ያለው፣ ማለትም ሥሩ ጥሩ ሰማያዊ ወይም ጠይም ወይን ጠጅ የሆነ ኩቴክስ፣ ክረምቱንም ያሳልፍሻል። ንጹሕ ብርማው ሊኒየር የበጋ ዕቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ለማረጋገጥ ማታ መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ፍላሽ አብሪበትና ጥፍርሽን አዘንብዪው። ቀለማቱ በተርታ፣ ቀይ ብርቱካናማ ቢጫ አረንጓዴ ሰማያዊ እያሉ ከተንቀሳቀሱ ሆሎ ነው። አንድ ቀለም ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ “ሆሎግራፊክ” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ተራ ብልጭልጭ ነው የሸጡልሽ። ይህን ሱቅ ውስጥም ማድረግ ይቻላል፤ ባለሱቁ ቢገላምጥሽም ግድ የለሽም።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፦ የሚያምሩት ሁሉ አሜሪካና ካናዳ ናቸው። እዚህ በምን ይመጣል?

በሰው። ኩቴክስ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይላክም፤ ብዙዎቹ ትንንሽ አምራቾችም ወደ እኛ አገር አይልኩም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ግን ለግል መጠቀሚያ ይዞ መብረር ይችላል። የአየር መንገዶች አጠቃላይ ደንብ ለእንዲህ ያሉ የመዋቢያ ዕቃዎች በሰው እስከ 2 ሊትር፣ ለአንዱ ዕቃ ደግሞ እስከ ግማሽ ሊትር ይፈቅዳል። የኩቴክስ ጠርሙስ 10 እና 15 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ችግር የለውም። በእጅ ሻንጣ ከሆነ ግልጽ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለው በካልሲ ውስጥ እንዲያስቀምጡት ንገሪያቸው፤ ሻንጣ ውስጥ የፈሰሰ ብርማ ኩቴክስ ከነጠላ ላይ አይለቅም። ዘመድሽንም አታሰልቺ፤ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ማንንም አያስቀይምም።

ከእነዋሪ፦ ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። እጮኛዬ ሆሎ ትወዳለች። ከየትኛው ልጀምር?

ማንም አይስቅብህም ወንድሜ። አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ በሌላ ቀለም ላይ የሚደረብ ሆሎ ግዛላት። ሆሎ ታኮ የሚባለው የካናዳዊቷ ክሪስቲን ሮተንበርግ ምርት በ2019 ገበያ ሲገባ ሊኒየርና ስካተርድ መደረቢያዎች ይዞ ነው የመጣው። እነሱን ያላት በማንኛውም ጥቁር ኩቴክስ ላይ እየደረበች አዲስ ቀለም ታወጣለች። አይኤልኤንፒ ደግሞ ሊኒየር ሆሎ ላይ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ከኢንዲያና የሚመጣው ኬቢሺመር ብልጭልጩን ከሆሎው ጋር ማዋሃድ ያውቅበታል። የአውስትራሊያው ኤሚሊ ደ ሞሊ ደፋር ነው፤ እጮኛህ ዝምተኛ ቀለም ከወደደች ይቅርብህ። ዋጋቸው ባብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ትንንሾቹ ጥቂት ጥቂት እየቀመሙ ስለሚሸጡ፣ ዛሬ ያየኸው ቀለም ከወር በኋላ ላይኖር ይችላል፤ ቢኖርም ሁለተኛው ቅመም ከመጀመሪያው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

ከአንኮበር፦ አልደርቅ ብሎኝ የብርድ ልብሱ ቅርጽ ሁሉ ታተመበት።

የብርድ ጣጣ ነው። ኩቴክስ የሚደርቀው በውስጡ ያሉት ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ሲተኑ ነው፤ ተነው ሲያልቁ ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ስስ ሽፋን ይቀራል። ብርድ ትነቱን ያዘገየዋል፣ ፈሳሹንም ያወፍረዋል። ወፈር ሲል ደግሞ አብዝተሽ ትቀቢያለሽ፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ከመቀባትሽ በፊት ጠርሙሱን ጋቢሽ ውስጥ በመዳፍሽ ይዘሽ ትንሽ አሙቂው። ቀኑ ሞቅ ሲል ቀቢ፣ ሦስት ስስ ድርብ አድርጊው፣ በየመሃሉም ታገሺ። ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ሙሉ ለሙሉ እስኪጠና አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ልትተኚ ስትይ አትቀቢ። አደራ የምለው ግን ሌላ ነው፦ ከሰል ምድጃ አጠገብ ጠርሙስ አትክፈቺ። ሰው ስለበረደው ምድጃው ዳር ተቀምጦ ሲቀባ አያለሁ። ትነቱ እሳት ይስባል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኔ ደግሞ ብሩሹን ሳላነሳ ይደርቃል፣ አረፋም ያወጣል።

አንቺና የአንኮበሯ ጠርሙስ ብትለዋወጡ ደግ ነበር። ማለዳ ወይም ማታ ቀቢ፣ ቬንትሌተሩን አጥፊ። ብሩሹን አንዴ መሃል፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ አሳልፈሽ ተይው፤ ደረቅ ካለ በኋላ መነካካት ነው ሆሎውን የሚያበላሸው። ሊኒየር ከሆነ ጭረቶቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጊ። ቅርፊቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው ሲተኙ ነው መስመሩ የሚወጣው፤ ወዲያ ወዲህ ካልሽው ቅርፊቱ ይቆምና ብርሃኑ ይሰበራል። ጠርሙሱ እየወፈረ ከሄደ የኩቴክስ ማቅጠኛ ጥቂት ጠብታ ጨምሪ። አሴቶን ግን በጭራሽ! አሴቶን ማስለቀቂያ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ቅመሙን ያፈርሰዋል።

ከሞላሌ፦ ልጄ፣ እኛ እንሶስላ ነበር የምናውቀው፤ ሥሩን ወቅጠን እጅና እግራችንን እናቀላ ነበር። ይሄ የአሁኑ መርዝ ነው ይሉኛል። ልጆቼ ሊጥ የሚያቦኩት እሱን ቀብተው ነው።

እማማ፣ እንሶስላውን ዛሬም የሚተካው የለም፤ እኔም ለበዓል አደርገዋለሁ። ስለጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎት። ድሮ ኩቴክስ ውስጥ ቶሉዊን፣ ፎርማልዴሃይድና ዳይቡቲል ፍታሌት የሚባሉ ሦስት ነገሮች ይገቡ ነበር። አሁን ስም ያላቸው አምራቾች አውጥተዋቸዋል፤ ጠርሙሱ ላይ “3 ፍሪ” የሚሉት ይህንን ነው። “10 ፍሪ”፣ “16 ፍሪ” እያሉ የሚቆጥሩት ግን ብዙው ለገበያ ነው፤ መጀመሪያውኑ ኩቴክስ ውስጥ የማይገባውንም ይቆጥሩታል። ትሪፊኒል ፎስፌት የሚባል ሌላም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ጥናት፣ ይህ ያለበትን ኩቴክስ የተቀቡ ሴቶች ሽንት ውስጥ ርዝራዡ ከተቀቡ ከ10 እስከ 14 ሰዓት በኋላ ሰባት እጥፍ ገደማ ጨምሮ አግኝቶታል። እኔ እሱ ያለበትን አልገዛም። የሚቀቡትም መስኮት ከፍተው ይሁን፤ ነፍሰ ጡር ካለች በተለይ።

ሊጡን በተመለከተ ሥጋትዎ ትክክል ነው፤ የሚያስፈራኝ ግን መርዙ ሳይሆን ፍርፋሪው ነው። ጫፉ የተላጠ ጥፍር ሊጥ ውስጥ ይረግፋል። ወይ ጓንት ያድርጉ፣ ወይ የምታቦካው ያልተቀባችው ትሁን።

ከበርካታ ሰዎች፦ ብልጭልጩ አልለቅ ይለኛል።

ጥጡን በአሴቶን አርሳችሁ ጥፍሩ ላይ አስቀምጡ፣ በፎይል ጠቅልሉት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ጫን አድርጋችሁ ወደ ጫፍ ሳቡት። አትፋቁት፤ ጥፍሩ አብሮ ይነሳል። ደቃቁ ሆሎ በቀላሉ ይለቃል፣ ግን ብርማ አቧራው ጣት ዙሪያ ስለሚቀር ቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሳሎን የሚሠሩት የሆሎ ጄልስ?

ይቻላል፤ ዱቄቱ ጄሉ ላይ (በመብራት የሚደርቀው ኩቴክስ ላይ) ተፈትጎ ነው። ያምራልም ይቆያልም። ግን ያልደረቀ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከመጣ ዕድሜ ልክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲፒኦ የሚባለውን የጄል ቅመም ከልክሏል። የምትሠራልሽ ልጅ ጄሉ ቆዳሽን ሲነካ ዝም የምትል ከሆነ ተነሺና ውጪ።

ከመሐል ሜዳ፦ እኔም ኩቴክስ እየቀባሁ ግምገማ መጻፍ እፈልጋለሁ። የመንዝ ብርድ ነው ያለኝ፣ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ። ይሆናል?

እንዴት አይሆንም! ብርዱማ ሀብትሽ ነው። ፍሎሪዳ ሆና “በሁለት ደቂቃ ደረቀ” የምትል ገምጋሚ ለመሐል ሜዳ ሰው ምን ትጠቅማለች? አንቺ በጥር ማለዳ ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ ብትጽፊ የደጋው ሁሉ ያነብሻል።

ቢያንስ ሦስት ፎቶ አንሺ፦ ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ አምፖል ሥር። ፀሐይ ላይ ስልኩ ብርሃኑን አብዝቶ ጥፍሩን ያነጣዋል፤ ስክሪኑ ላይ ጥፍሩን ንኪና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትተሽ ቀንሺው። አንዱን ፎቶ ደግሞ ሆን ብለሽ አደብዝዢው። ፎከሱ ሲጠፋ ቅንጣቶቹ ይሰፉና ቀለማቱ ይወጣሉ፤ ሆሎ ገምጋሚዎች ሁሉ ያደርጉታል። አንባቢሽ ግን የተደበዘዘ መሆኑን ይወቅ። ፊልተር አትጠቀሚ። ስንት ድርብ እንደፈለገ፣ ቶፕ ኮት (ማሳረጊያው ግልጽ ሽፋን) ሲደረብበት ሆሎው እንደደበዘዘ ወይም እንዳልደበዘዘ፣ ሲለቅ ጥፍር እንደበከለ ወይም እንዳልበከለ ጻፊ። በገንዘብሽ የገዛሽው ነው ወይስ የተሰጠሽ? መጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጥ።

እጅሽ ጠይም መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ግምገማ በነጭ እጅ ላይ የተሠራ ስለሆነ ሥጋ መሰል የሚባለው ሆሎ እኛ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ብዙ የለም። ብርማውና ጥቁር ሰማያዊው በጠይም እጅ ላይ ከነጩ ይበልጥ እንደሚጎላ በዓይናቸው ይዩት።

ከዓለም ከተማ፦ ጥምቀት ደርሷል፣ ከዚያም የእህቴ ሰርግ አለ። ምን ልቀባ?

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ! ለጥምቀት ብርማ ሊኒየር፤ ጃን ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ታቦቱ ሲወጣ የጥር ፀሐይ አናት ላይ ነው፣ ስታጨበጭቢ ቀስተ ደመናው አብሮሽ ይጨፍራል። ሰርጉ ግን ድንኳን ውስጥ ከሆነ እሱን አውልቂው። ሸራው ፀሐዩን ስለሚያጣራው ሊኒየር እዚያ ይሞታል። ጥቁር ቀይ ሥር ያለው ስካተርድ ይሁን፤ ቀን ቀዩ ብቻውን ያምራል፣ ማታ ትንንሾቹ አምፖሎች ሲበሩ ይፈነጥቃል። ወጥ የምትሠሪው አንቺ ከሆንሽ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ቀቢ፤ ቁሌቱን ስታማስዪ ጫፉ ይላጣል።