ለባቲ ነው ለደሴ?

ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የአያቱን ባለ 6 ቮልት አሮጌ ሆንዳ ወርሶ፣ «ጋሼ፣ መጽሐፉ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይላል። የትኛውን ልያዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፑንቲና ሞተሩ ሲዞር የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው፤ ሁለት ከንፈሮቹ በተላቀቁ ቅጽበት ካንዴላው እሳት ይሰጣል። 0.35 ያዝ ብዬው መገላገል እችል ነበር። ግን ይህ እኔ በልጅነቴ አለቃዬን መጠየቅ ሲገባኝ በሆዴ ይዤው የቀረሁት ጥያቄ ነው፤ ካስታወሰኝ ወዲህም አላስተኛኝ አለ። የቸኮለ 0.35ን ይዞ ይሂድ፤ ጊዜ ያለው ያንብብ።

ሥራ የለመድኩት ደሴ፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ሲጋራ አፋቸው ገብቶ የማያውቅ ሰው ዘንድ ነው። ታዲያ ሞተር ሳይክል በመጣ ቁጥር እኔን ወደ ሱቅ ልከው አንዲት ፍሬ ኒያላ ያስገዙኛል። ባለሱቁ «ዛሬም አማራቸው?» እያለ ይስቃል። አለቃዬ ትምባሆውን አራግፈው ይጥሉና ወረቀቷን ብቻ ያስቀራሉ። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ በቮላኖው፣ መስኮት አሳልፈው በፑንቲናው ሁለት ከንፈሮች መሃል ያስነክሷታል። በግራ እጃቸው ቮላኖውን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ያዞራሉ፤ በቀኛቸው ወረቀቷን ሳብ ሳብ ያደርጓታል። ከንፈሮቹ ሲላቀቁ ወረቀቷ ሹልክ ትላለች። እጃቸው እዚያው ይቆማል። ቮላኖው ላይ የተቀረጸችው፣ እሳቱ የሚነሳበትን ቦታ የምታሳየው «ኤፍ» ከሞተሩ ጭረት ጋር ምን ያህል እንደተገናኘች ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ደስ ካላቸው «አብሽር» ይሉኛል።

ፑንቲናው መከፈቱን በወረቀት ፋንታ በአምፖል የሚያይም አለ። እሳቱን ከባትሪ በሚያገኝ ሞተር ላይ ጥሩ ነው። በማግኔት በሚሠራው ላይ ግን ፑንቲናው ቢከፈትም ኤሌክትሪኩ በሽቦ ጥቅሉ በኩል ስለሚያልፍ አምፖሉ አይጠፋም፣ ደብዘዝ ብቻ ነው የሚለው፤ ዓይን ያሳስታል። ወረቀት አያሳስትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አለቃዬ ገና ካቻቢቴ ሳያነሱ ባለሞተሩን «ለባቲ ነው ለደሴ?» ይሉታል። ለደሴ ካለ ክፍተቱን ወደ 0.4 ይይዙለታል፤ ወረቀቷ የምትለቀው «ኤፍ» ጭረቷ ጋ ልትደርስ ፀጉር ታህል ሲቀራት ነው። ለባቲ ካለ ወደ 0.3 ያጠቡታል፤ «ኤፍ» ፀጉር ታህል ካለፈች በኋላ ትለቃለች። ባቲ አቧራ ስለሚበዛ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም የሰኞ ገበያ የሚሄደውን ነጋዴ ለማጫወት የሚሉት ይመስለኛል፤ ጨዋታ ያውቁ ነበርና። አልጠየቅሁም። በእኛ ጊዜ አለቃ አይጠየቅም፣ እጁ ነው የሚታየው። በኋላ ታመው ወደ ኩታበር አገራቸው ገቡ፤ እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ስሠራ የሞታቸው ወሬ የደረሰኝ ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ምክንያቱ የገባኝ ሌላ ጋራዥ ያስተካከለውን ሞተር አንድ የባቲ ነጋዴ ይዞልኝ ሲመጣ ነው። ደሴ ላይ እንደ ፈረስ ይጋልብ የነበረው ባቲ ዳገት ላይ ያንኳኳል። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ስንፈታ የፒስተኑ አናት ጠርዙ ተበልቷል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውም ያነሰ ነው፤ እሳቱ ቀደም ብሎ ቢነሳ ሞተሩ ይወድለታል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻን፣ ከዚያም ባቲን ስትይዙ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ያው የቀደመ እሳት አሁን ፒስተኑን ወደ ላይ እየወጣ ሳለ አናቱን ይመታዋል። ክፍተቱ ሲጠብ ደግሞ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም ይዘገያል። እነዚያ ትናንሽ ሆንዳዎች ላይ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን አይዞርም፤ እሳቱን ማስቀደምም ማዘግየትም የሚቻለው በክፍተቱ ብቻ ነው። አለቃዬ መጽሐፉ ከፈቀደው ሳይወጡ ሁለቱን ጫፍ ለሁለት አገር አካፍለውት ኖሯል። ይህን ከማን ተማሩት? ወይስ ራሳቸው ደረሱበት? አሁን የሚነግረኝ የለም።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም፤ «ሲዲአይ ግጠምና ተገላገል» ትላላችሁ፤ ፑንቲና የማይፈልገውን የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማለታችሁ ነው። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ፤ በዚያ ትበልጡኛላችሁ። በጆሮ አትሥሩ፣ ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጅ፣ ይኑራችሁ። እኔ ራሴ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በጆሮዬ ነው የምሠራው፤ እኔን አትዩ።

ለኮምቦልቻው ልጅ፦ ከፍ ዝቅ የምትል ከሆነ 0.35 ይበቃሃል። ወደ ባቲ የምታዘወትር ከሆነ ወደ 0.3 ጠጋ በል፣ ግን ቶሎ ቶሎ እየከፈትክ እየው። የፑንቲናዋ እግር እሷን ገፍታ በምትከፍታት ጉብታ፣ በካሟ፣ እየተበላች ስትሄድ ክፍተቱ በራሱ ይጠባል፤ ከ0.3 በታች ሲወርድ ሞተሩ ጉልበት ያጣና ይግላል። ካሟን የምታብሰውን ትንሽ ሱፍ ጠብታ ግሪስ ንካት፤ አታብዛ፣ ወደ ከንፈሮቹ ከተረጨ እሳት ይጠፋል። ከንፈሮቹ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ጉብ ብሎ ካገኘሃቸው ከንፈሮቹን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ኮንዴንሰር ሳትቀይር ወረቀት አታባክን።