ጠመንጃ ቤት ውስጥ ይኑር? የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼ የጠየቁኝ

ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባችን ካለቀ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሁሉም እኔን ከበበኝ። በዚያው ሳምንት ከብሎካችን ጎን ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት ጣሪያ ላይ ጥይት ወድቆ ነበር። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ 23 ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ጠመንጃ ስረከብ፣ ስጠርግ፣ ስመዘግብ ነው የኖርኩት። ያን ቀን መሽቶብን ሁሉንም አልመለስኩም። ቀሪውን ጨምሬ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቄ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። ሽጉጥ ብገዛ ምን አለበት?

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ሕጉን ልንገርሽ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ለማግኘት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ቁጥጥሩም የፌዴራል ፖሊስ ሥራ ነው። «አንድ ልጅ አለ፣ በርካሽ ያመጣልሻል» የሚሉሽን አትስሚ። ያ ሽጉጥ ትናንት በማን እጅ እንደነበረና ምን እንደተሠራበት አታውቂም። ሲያዝ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።

አሁን ደግሞ እንደ ወንድም ልናገር። ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። መብራት ጠፍቷል። መዝጊያው ተንጓጓ። ሽጉጡን ከየት ታነሺዋለሽ? ትራስ ሥር ከሆነ ልጆችሽም ቦታውን ያውቁታል። ተቆልፎ ከሆነ በጨለማ ቁልፍ ፍለጋ ነው። ደግሞስ በሩን የነካካው አምሽቶ የመጣው ወንድምሽ ቢሆንስ? እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ገንዘቤን ለጠንካራ የብረት መዝጊያ፣ ለደጅ መብራትና ለጥበቃ ደመወዝ መዋጮ አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ሌባ ቤቱ ገብቶ ቢተኩስበት ጥፋተኛ ነው?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ። «ቤቴ ከገባ የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል ብዙ ሰው አለ። ሕጉ እንደዚያ አይልም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት። እየተፈጸመ ያለ ወይም አሁኑኑ ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ ወይም ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። የመከላከያው ልክም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። አንዱ ሲጎድል ነገሩ ይለወጣል።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ሰውየው ገጀራ ይዞ ልጅህ ላይ ቆሟል። መውጫ የለህም። ተኮስክ። ሕጉ ከጎንህ ይቆማል። እንደገና አስቡት፤ ሰውየው ቴሌቪዥንህን ተሸክሞ አጥር እየዘለለ ነው። ጀርባውን ሰጥቶሃል። ተኮስክ፣ ሞተ። አሁን ለቴሌቪዥን ብለህ ሰው ገድለሃል። በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ልኩን ያለፈ ሰው ካለ አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ያንን ከግምት እንዲያስገባ ያደርጋል። ግን እዚያ እስክትደርስ ታስረሃል፣ ጠበቃ ቀጥረሃል፣ የሟች ቤተሰብም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። ደም ደግሞ በፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ አይደርቅም። ይህን አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ለሠርግና ለለቅሶ መተኮስ የአባቶቻችን ወግ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ማንን ይጎዳል?

ኑና ማብሰያ ቤቱን ላሳያችሁ። ቆርቆሮው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጥይቷ ጣሪያውን በስታ የቡሆ ባልዲ ውስጥ ገባች። ባልዲው ተሰነጠቀ፣ ሊጡ ወለሉን ሞላው። እንጀራ ልትጋግር የመጣችው እናት ማገዶ ልታመጣ ደጅ ወጥታ ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው ልዩነቱ። ጥይቷን እኔ ነኝ ከሊጡ ውስጥ ያወጣኋት። የክላሽ ናት።

የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከአፈሙዝ ስትወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሰማይ ላይ አትቀርም፣ ትመለሳለች። ጠመንጃው ትንሽ ጋደል ካለ ደግሞ ብዙ ጉልበቷን እንደያዘች ነው የምትወርደው፤ ያውም ከተኳሹ ርቃ፣ ማንነቱን ፈጽሞ በማያውቀው ሰው ላይ። ወጉ የተጀመረው ሰፊ ሜዳ ባለበት አገር ነው። እዚህ ብሎክ በብሎክ ላይ ተደርድሮ ሰው ይኖራል። ወግ አክባሪ ነኝ፤ ይህን ግን መተው አለብን።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ምንሽር አለ። ጣሊያንን የተዋጋበት ነው። እሱንም ይወስዱብኛል?

አባባ፣ ቤትዎ መጥቼ አይቼዋለሁ። ሰደፉ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ በላብ ጠቁሯል። የእርስዎ ስስት ተገቢ ነው። ግን ሳይመዘገብ መቀመጡ ለእርስዎም ለልጆችዎም ጣጣ ነው። ይዘውት አይውጡ፤ ታክሲ ውስጥም እንዳያስገቡት። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይንገሩ። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሁለት ጠመንጃ አለው። እነሱ መብት ነው ይላሉ። እኛስ?

እነሱ ከ1791 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ ላይ ተጽፎላቸዋል። በ2008 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወስኗል። ዛሬ በሰው እጅ ያለው መሣሪያ በግምት ከሕዝባቸው ቁጥር ይበልጣል። አውስትራሊያ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ሲገደልባት ሌላ መንገድ መረጠች። ሕጉን አጠበቀች፣ ከ600,000 በላይ መሣሪያ ከሰው ገዝታ አስወገደች። በእኛ ሕገ መንግሥት መሣሪያ የመያዝ መብት የሚል አንቀጽ የለም። በሕይወት የመኖር መብት ግን አንቀጽ 15 ላይ አለ። እኔ ከዚህ ነው የምነሳው።

ጥያቄ፦ የሚጠብቀኝ ከሌለ ለምን እከለከላለሁ?

ይህን የጠየቀው ወጣት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥያቄው እውነት አለው። ከተማው ዳር ላይ ነን። ማታ የደወለ ሰው እርዳታ እስኪደርስለት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ስለዚህ ጨርሶ ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በደንብ ተጣርቶ፣ ተመዝግቦ፣ ሠልጥኖ የሚይዝ ይያዝ።

ግን አንተ ስትገዛ ጎረቤትህ ፈርቶ ይገዛል። እሱ ሲገዛ ሦስተኛው ይገዛል። በመጨረሻ የቆሻሻ ማስቀመጫ ጠብ እንኳ ቃታ ወደ መሳብ ይሄዳል። መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ የተሰጠው ጊዜ 2 ቀን ነበር። በጭንቅ ሰዓት የሚደረግ ምዝገባ ሰውን ያስፈራዋል። የፈራ ሰው ደግሞ ይደብቃል። በሰላም ጊዜ፣ ሰው ሳይሸማቀቅ መጥቶ የሚያስመዘግብበት አሠራር ነው የሚያስፈልገን።

ጥያቄ፦ ለልጆች የአሻንጉሊት ሽጉጥ መግዛትስ?

እኔ ለልጅ ልጆቼ አልገዛም። ኳስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባለፈቃድ ነኝ፤ ትንሽ ልጅም አለኝ። እንዴት ላስቀምጠው?

ጥይቱን ከመሣሪያው ለይተህ፣ ሁለቱንም በየራሱ ቁልፍ አስቀምጥ። ቁምሳጥን አናት ላይ ማለት መደበቅ አይደለም፤ ልጅ ወንበር ላይ ይወጣል። ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን፣ ስላወጣህ ብቻ ደግሞ ጠመንጃው ባዶ ነው አትበል። የጎረሰ አንድ ጥይት ውስጥ ሊቀር ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ መቀባበያውን ሳብና ጥይቱ የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ግምጃ ቤት ሳለን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ባዶ ነው» ብሎ ቃታውን ሳበ። ጥይቱ በመካከላችን አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እያንዳንዱን መሣሪያ ሁለት ጊዜ ሲዳስስ አይቼዋለሁ።